በአንድ ጎዳና ላይ ያሉ ሁለት የሙዚቃ ቤቶች

ዲትሮይት ከሜሪላንድ በመኪና ዘጠኝ ሰዓት ያህል ትርቃለች። የፔንሲልቫንያን ተራሮች አቋርጦ፣ የኦሃዮን ሜዳ ጨርሶ፣ ቶሊዶ ከምትባለው ከተማ ወደ ሰሜን ሲታጠፉ አንድ ሰዓት ገደማ ይቀራል። አሜሪካ ያሉ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የሚሄዱ እኩዮቼ የሚያዩት ዋሽንግተንን፣ ኒውዮርክን፣ ሲሞላላቸው ደግሞ የናያግራን ፏፏቴ ነው። «ዲትሮይትን ላሳይሽ» የሚል ልጅ ብዙም አይገኝም። እኔ ግን ባለፈው ግንቦት ሄጃለሁ። የወሰደኝ የ24 ዓመት የልጅ ልጄ ሲሆን፣ የሄድነውም አንድ የሸክላ ሙዚቃ አሳታሚ ቤት ለማየት ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። የልጅ ልጄ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ከተማረ በኋላ ክፍያው ከብዶት አቋርጧል። ከዚያ ወዲህ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ተራ እየሠራ ገንዘብ ሲያጠራቅም ቆየ። ስድስት ሺህ አራት መቶ ዶላር ደርሶለታል። እናቱ ገንዘቡ ወደ ትምህርት የሚመለስበት እንደሆነ ታስብ ነበር። እሱ ደግሞ ከዚያ ላይ ግማሽ ያህሉን አንስቶ፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ በአሮጌ ማሽኖችና በኮምፒውተር የሠራውን የዳንስ ሙዚቃ በሸክላ ማሳተም ይፈልጋል። ቤቱ በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ ነው የደረስኩት። ልጄ ወደ ማድ ቤት ወስዳ፣ «እማዬ፣ ይሄ ላም አለኝ በሰማይ ነው። አንቺን ይሰማሻል፤ ተው በይልኝ» አለችኝ። ልጁ በበኩሉ፣ «እማማ፣ ተው ከማለትሽ በፊት ቦታውን አይተሽ ፍረጂ» አለ። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ስሠራ በሽተኛውን ሳላይ በወሬ ብቻ የሰጠሁት አስተያየት የለም። ስለዚህ ቦርሳዬን አነሳሁ።

ሸክላ ለእኛ ትውልድ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሻይ ቤት ነበር፤ ታላላቆቻችን እዚያ ደጃፍ ላይ ቆመው አዲስ የወጣ ዘፈን ይሰሙ ነበር። እነዚያን ሸክላዎች ማን ያሳትማቸው እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በንጉሡ ዘመን ሙዚቃ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ቴአትር ተሰጥቶ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ኃላፊነት አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምናወድሰው ሙዚቃ ጥቂት የማይባለው የተረፈው እሱና እንደሱ ያሉ ደፋር ነጋዴዎች በራሳቸው ስላሳተሙት ነው። ወጣት ሆኖ የራስን የሸክላ ቤት መክፈት እንግዲህ የፈረንጅ ልጆች ብቻ ቅብጠት አይደለም።

ዲትሮይት የገባነው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከተማዋ ሰፊ ናት፤ ለሕዝቧ በጣም ሰፊ። እ.ኤ.አ. በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባት ነበር። በ2020 ቆጠራ ወደ 639 ሺህ ወርዳለች። በመኪና ፋብሪካዎቿ ዓለም የሚያውቃት ከተማ በ2013 የኪሳራ ማመልከቻ እስከማስገባት ደርሳ ነበር። መሃሏ ዛሬ ተጠግኖ ያምራል። ትንሽ ወጣ ሲሉ ግን በሁለት ቤቶች መካከል አምስትና ስድስት ባዶ ቦታ ይታያል፤ ሣሩ ታጭዷል፣ ቤቱ የለም። ጥርሱ የወለቀ አፍ ይመስላል። ሰዎቹ ግን ቆመው ሰላም ይላሉ። አንዲት የእኔ እኩያ ነጭ ጸጉር ሴት ከበረንዳዋ ላይ ሆና እጇን ስታውለበልብልን፣ «ታውቃታለህ?» አልኩት። «አላውቃትም እማማ፣ እዚህ እንደዚህ ነው» አለኝ።

ግራንድ ቡሌቫርድ የሚባለው ጎዳና የከተማዋን መሃል እንደ ግማሽ ቀለበት ይዞራል። ምዕራብና ምሥራቅ ተብሎ ይከፈላል። በዚህ አንድ ጎዳና ላይ፣ በመኪና አሥር ደቂቃ ገደማ ተራርቀው፣ ሁለት የሙዚቃ ቤቶች አሉ። የልጅ ልጄ ሁለተኛውን ሊያሳየኝ ነበር የቸኮለው፤ እኔ ግን መጀመሪያ ከታላቁ እንጀምር አልኩ።

በምዕራብ ግራንድ ቡሌቫርድ ቁጥር 2648 ያለው ቤት ተራ መኖሪያ ቤት ነው። ፊቱ ላይ በሰማያዊ ጽሑፍ «ሂትስቪል ዩ.ኤስ.ኤ.» ይላል። የሞታውን ሙዚቃ ቤት ይህ ነው፤ ስቲቪ ወንደር፣ ዳያና ሮስና ማርቪን ጌይ የዘፈኑበት። ስቱዲዮው ከጋራዥ የተለወጠ ክፍል ሲሆን፣ ከአንድ የቀበሌ መሰብሰቢያ አዳራሽ ያንሳል። ቤሪ ጎርዲ የሚባለው መሥራቹ ቀድሞ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ሥራውን ሲጀምር 29 ዓመቱ ነበር፤ መነሻ ገንዘቡም 800 ዶላር።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ከቤተሰብ ቁጠባ። የጎርዲ ቤተሰብ አባላት በየጊዜው እያዋጡ የሚያስቀምጡት የጋራ ገንዘብ ነበራቸው፤ የእኛን እቁብ ያስታውሳል። ልጁ ብድሩን ሲጠይቅ ታላቅ እህቱ አስቴር በቀላሉ አልፈቀደችም። ምን እንደሚሠራበት፣ እንዴት እንደሚመልስ ጠንከር አድርጋ ጠይቃ፣ በጽሑፍ አስፈርማ ነው የተሰጠው። ሞታውን በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር ዲትሮይት ያለው ቤት ባዶ እንዳይቀር ያደረገችው፣ በ1985ም ሙዚየም አድርጋ ያቋቋመችው ያቺው አስቴር ናት። ይህን ስሰማ ልጄ ትዝ አለችኝ። ጠንካራ ጥያቄ የሚጠይቅ ዘመድ ጠላት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ቤቱን የሚጠብቀው እሱ ነው። ይህንኑ ለልጅ ልጄ ነገርኩት። ዝም ብሎ መኪናውን አስነሳ።

ሁለተኛው ቤት በምሥራቅ ግራንድ ቡሌቫርድ ቁጥር 3000 ይገኛል። ከውጭ ለሚያየው ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ ጠንካራ የጡብ ሕንፃ ነው። የሚገባውም በቀጠሮ ነው። ውስጡ ኤግዚቢት 3000 የሚባል የቴክኖ ሙዚቃ ሙዚየም አለ፤ ምድር ቤቱ ደግሞ የሸክላ ሱቅ ነው። ባለቤቶቹ አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ የሚባለው አሳታሚ ቤት ሰዎች ናቸው። ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የኅቡዕ ትግል» ማለት ይሆናል። የእኔ ትውልድ «ኅቡዕ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ትዝ የሚለው ዳንስ አይደለምና፣ የልጅ ልጄን «ምኑ ነው ኅቡዕ?» ብዬ ጠየቅኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ የመሠረቱት ማይክ ባንክስና ጄፍ ሚልስ ናቸው፤ ሮበርት ሁድም ብዙም ሳይቆይ ተቀላቀላቸው። ሦስቱም ጥቁር የዲትሮይት ልጆች ናቸው። ሙዚቃቸውን ለትልልቅ ኩባንያዎች አልሸጥንም አሉ። ፎቶግራፍ መነሣት እምቢ ብለው ፊታቸውን በጨርቅ ሸፈኑ፤ መልካችን ሳይሆን ሥራችን ይታወቅ ነው ነገሩ። ሸክላውን ራሳቸው ያሳትማሉ፤ ሰብመርጅ በሚባለው የራሳቸው ማከፋፈያ በኩል ራሳቸው ወደ በርሊን፣ ለንደንና ቶኪዮ ይልካሉ። በ1999 ከዚህ ቤት የወጣ አንድ ሙዚቃ አውሮፓ ውስጥ በጣም ሲወደድ፣ አንድ ትልቅ ኩባንያ ፈቃድ ሳያገኝ አስመስሎ አሠርቶ ሊሸጠው ተነሣ። በየአገሩ ያሉ አድማጮች በተቃውሞ ጮኹ። ኅቡዕ ማለት እንግዲህ መደበቅ አይደለም፤ በራስ ቤት፣ በራስ መዝገብ መሥራት ነው። ባንክስ በዚህ ሁሉ መሀል የትምህርት ቤት ልጆችን ቤዝቦል የሚያሠለጥን ሰው መሆኑንም ሰማሁ። ይህን ስሰማ ለሰውየው ያለኝ አክብሮት ከፍ አለ።

ሙዚየሙ ውስጥ በመስታወት ተሸፍነው የተቀመጡት ሙዚቃው የተሠራባቸው ማሽኖች ናቸው። የልጅ ልጄ እንደ ታቦት ነው የተጠጋቸው። ከመካከላቸው ቲ.አር. 808 የሚባለው የጃፓኑ የሮላንድ ኩባንያ የከበሮ ማሽን አለ። በ1980 ወጥቶ፣ ድምፁ እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ገበያ ስላጣ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ መመረቱ ቆመ። አዲሱን መግዛት የማይችሉ የዲትሮይትና የቺካጎ ልጆች ግን ያገለገለውን በርካሽ ገዝተው አዲስ ሙዚቃ ሠሩበት። ሌላው የጣለውን አንስቶ ማሳመር ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ ምድር ቤቱ ስንወርድ ሸክላዎቹ ግድግዳውን ሞልተዋል። በፊት ለፊት የተደረደሩት አዳዲሶቹ ናቸው። ብዙዎቹ ሽፋናቸው ላይ የሰው ፎቶ የለም፤ ተራ ካርቶን፣ መሀሉ ላይ የወረቀት ክብ፣ አንድ ቁጥር። ማስታወቂያ የለም፣ ፖስተር የለም። የልጅ ልጄ አንዱን አውጥቶ በመብራት ላይ አዘንብሎ አሳየኝ፤ ሙዚቃው የሚያልቅበት ለስላሳ ክብ ላይ በመርፌ የተጫረ አጭር መልእክት አለ። ቤቱ ከድሮ ጀምሮ እንዲህ ያደርጋል። ገዝቶ በእጁ ያልያዘ ሰው አያየውም። የድሮ እናቶች በጥልፍ ጀርባ ላይ ስማቸውን እንደሚሰፉት ያለ ነው።

ከአዲሶቹ ሦስቱን አስመርጬ በማዳመጫ ሰማሁ። አንደኛው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሐምሌ ዝናብ ይመስላል፤ ከሥሩ ከባድ የልብ ትርታ አለ። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን በሩቅ የሚሰማበት ነው። ሦስተኛው ለእኔ የፋብሪካ ጩኸት ነበር፤ መለስኩት። የሚገርመው ግን ቁጥሩ ነው። የእጅ ሰዓቴን አውጥቼ ምቱን ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 130 አካባቢ ነው። ይህ ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ ከ120 እስከ 135 ይመታል። ማዋለጃ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ቁጥር ያውቀዋል፤ ጤናማ ጽንስ በእናቱ ሆድ ውስጥ ልቡ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይመታል። ፌቶስኮፑን ሆድ ላይ አስደግፈን፣ ትንፋሻችንን ይዘን ስንት ሌሊት የቆጠርነው ምት ነው። ለልጅ ልጄ፣ «አንተንም የቆጠርኩህ በዚህ ፍጥነት ነበር» አልኩት። የሱቁ ሰው አማርኛ ባይሰማም ልጁ ሲስቅ አብሮ ሳቀ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የመጣሁት ለእሱ ነውና። ሸክላ እንዴት ይታተማል? መጀመሪያ ሙዚቃው በልዩ መርፌ በለስላሳ ሽፋን በተቀባ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል። ያ ሰሌዳ በኬሚካል ገንዳ ውስጥ በኒኬል ይለበጣል፤ ኒኬሉ ሲላቀቅ ማኅተም የሚሆን ግልባጭ ይወጣል። ለሁለቱ ገጽ ሁለት ማኅተም ይሠራል። ከዚያ የፕላስቲክ ፍሬ ቀልጦ እንደ ሊጥ ጉብጉብ ይደረግና፣ የወረቀት ክቡ ከላይና ከታች ተደርጎበት በሁለቱ ማኅተሞች መካከል በእንፋሎት በጋለ መጫኛ ይጨመቃል። ቀዝቅዞ ጠርዙ ሲከረከም ሸክላ ሆነ። ዲትሮይት ውስጥ ይህን የሚሠራ አርቸር የሚባል ትንሽ የቤተሰብ ማተሚያ ቤት አለ። ከ1965 ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ዛሬ ድረስ ይሠራል፤ የከተማዋ የቴክኖ ሸክላ ብዙው የተጨመቀው እዚያ ነው። ትልልቆቹ የሸክላ ፋብሪካዎች ሲዲ መጣ ብለው ሲዘጉ እሱ ያልተዘጋው እነዚህ ትንንሽ አሳታሚዎች ሁለት መቶም ሦስት መቶም ማዘዝ ስላላቋረጡ ነው።

የልጅ ልጄ የተነገረው ዋጋ፣ ለ300 ሸክላ ከቀረጻና ከማኅተም ጋር ሦስት ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ሱቅ አንዱን በ15 ዶላር ቢሸጠው ለእሱ የሚደርሰው አሥር ዶላር አካባቢ ነው። መንገድ ላይ ቆመን በወረቀት አባዛነው፤ ሦስት መቶው በሙሉ ቢሸጥ ገንዘቡ ይመለሳል፣ ትርፍ የለም። መቶው ቢሸጥ ሁለት ሺህ ዶላር ቀለጠ። «እንጀራ አይሆንህም ማለት ነው» አልኩት። «አይሆንም እማማ፤ እኔም እንጀራ ይሆነኛል አላልኩም። አንድ የሠራሁት ነገር በእጄ መያዝ ነው የፈለግኩት» አለ። ሁለት ዓመት ሌሊት ሌሊት የሌላ ሰው ዕቃ ሲያነሳ የኖረ ልጅ ነው ይህን የሚለው። መልስ ሳልሰጥ ብዙ መንገድ ሄድን።

በማግሥቱ ጠዋት ቁርስ ላይ አንድ ታሪክ ነገረኝ። ለአያቶች አምድ እንዲህ ያለ ታሪክ ማስቀረት አልችልም። የዚህ ሙዚቃ ጀማሪዎች የሚባሉት ሦስት ልጆች፣ ኹዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳውንደርሰን፣ የተገናኙት ከዲትሮይት ወጣ ብላ ባለችው ቤልቪል የምትባል ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ነው። አትኪንስ ወላጆቹ ሲለያዩ ቤልቪል የሄደው አያቱ ዘንድ ለመኖር ነበር። አያቱ ኦርጋን ትወዳለች፤ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ስትሄድ ልጁ አብሯት እየሄደ ከኋላ ክፍል በአዲሶቹ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ይጫወታል። አንዱን፣ ኮርግ የሚባል የድምፅ መፍጠሪያ፣ እሷው ገዛችለት። በ1985 አትኪንስ ሜትሮፕሌክስ የሚባል የራሱን አሳታሚ ቤት ከፈተ፤ ጓደኞቹም ተከትለው የየራሳቸውን ከፈቱ። በ1988 እንግሊዝ ውስጥ የወጣ አንድ የሙዚቃ ስብስብ «ቴክኖ» የሚለውን ስም ለዓለም አስተዋወቀ። ዛሬ በርሊን ውስጥ በሺዎች የሚጨፍሩበት ሙዚቃ ሥሩ አንዲት አያት ከፍላ የገዛችው መሣሪያ ነው። የልጅ ልጄ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ ቡናው ላይ ነበር። ለምን እንደነገረኝ ገብቶኛል፤ እንዳልገባኝ ሆኜ ዳቦዬን በላሁ።

ቅዳሜ ማታ ሃርት ፕላዛ ወደሚባለው የወንዝ ዳር አደባባይ ሄድን። አደባባዩ ከዲትሮይት ወንዝ ጋር ተያይዟል፤ ማዶው ካናዳ ነው፣ ያውም በስተደቡብ። አጠገቡ የቦክሰኛው የጆ ሉዊስ ግዙፍ የነሐስ ክንድ ተንጠልጥሏል። ከ2000 ጀምሮ በግንቦት ወር መጨረሻ፣ አሜሪካኖች የጦር ሙታኖቻቸውን በሚያስቡበት በዓል ሰሞን፣ የቴክኖ ፌስቲቫል እዚህ ይካሄዳል። ወጣት ብቻ የሚገኝበት መስሏችሁ እንደሆን፣ ጸጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ትልልቅ የጆሮ መከለያ አድርገውላቸው አየሁ። እነዚህ በ1980ዎቹ የጀመሩት ራሳቸው ናቸው፤ አርጅተዋል። እኛም በሰዓት እላፊው ዘመን ሠርግ ቤት ከገባን እስኪነጋ ስንጨፍር እናድር የለ? ሌሊቱን ሙሉ መጨፈር የዛሬ ልጆች ፈጠራ አይደለም።

ነርስ ነኝና የጆሮውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከ85 ዴሲቤል በላይ ለረጅም ሰዓት መስማት የውስጥ ጆሮን ጥቃቅን ሕዋሳት ይገድላል፤ የሞተው ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም። በ85 ዴሲቤል ስምንት ሰዓት ቢቻል፣ ድምፁ በሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል፣ ማለትም በአንድ የዳንስ መድረክ አጠገብ፣ ወደ 15 ደቂቃ ይወርዳል። ልጆቻችሁን ሙዚቃውን አትስሙ ከማለት፣ የስፖንጅ የጆሮ መክደኛ ግዙላቸው፤ ዋጋው ትንሽ ነው። አጠቃቀሙን አሳዩአቸው፤ በጣት አሽቶ ማቅጠን፣ በሌላኛው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ፣ አስገብቶ እስኪነፋ መያዝ። ከዳንስ በኋላ ጆሮ ጭው ካለ ከሚገባው በላይ ተሰምቷል ማለት ነው። ስለ አደንዛዥ ዕፅም የምትሠጉ ወላጆች ስጋታችሁ ከንቱ አይደለም፤ የሌሊት ጭፈራ ባለበት ሁሉ፣ በየትኛውም ሙዚቃ፣ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። ግን ይህም ይታወቅ፤ በ1988 የዲትሮይት ልጆች የከፈቱት ሚዩዚክ ኢንስቲቲዩት የሚባል ታዋቂ የዳንስ ቤት አልኮል አይሸጥበትም ነበር። የልጃችሁን ጓደኞች በስም እወቁ፤ ከሙዚቃው ዓይነት ይልቅ እሱ ይጠቅማችኋል።

በመመለሻው መንገድ፣ ኦሃዮ ውስጥ ይመስለኛል፣ የራሱን ሙዚቃ አሰማኝ። ውስጡ ክራር አለ። ከየት አመጣኸው ብለው፣ ይህን መንገድ ከእሱ በፊት የሄዱ የአገራችን ልጆች እንዳሉ ነገረኝ። እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ 1432 አር የሚባል ትንሽ ነፃ አሳታሚ ቤት አለ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ደም ያለው ወጣት ነው። ይህ ቤት በ2014 የአዲስ አበባውን ሚካኤል ሰይፉን «ያራዳ ልጅ» የሚል ሸክላ አሳትሟል። ኢትዮጵያን ሬከርድስ በሚል ስም የሚሠራውን እንደገና ሙሉንም አሳትሟል። እነዚህ ልጆች ማሲንቆንና ክራርን፣ የአዝማሪንና የቤተ ክርስቲያንን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር እያዋሐዱ ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ሰየሙት። የልጅ ልጄ አማርኛው ብዙ ጊዜ ይሰባበራል። ክራሩን ግን በቦታው ነው ያስገባው። የሌላ አገር ልጅ ሆኖብኛል እያለች የምታለቅስ እናት ይህን ብትሰማ ብዬ አሰብኩ።

ቤት ስንደርስ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ። ልጁ ሲተኛ ተቀመጥን። ተው አላልኩትም፣ ግፋም አላልኩትም፤ የጎርዲ ቤተሰብ እንዳደረገው እናድርግ ነው ያልኳት። መጀመሪያ የመስከረም የኮሌጅ ክፍያው ይከፈል፤ ደረሰኙን ያምጣ። ከተረፈው ላይ ለሸክላው ያውጣ። የጎደለውን አምስት መቶ ዶላር እኔ ከጡረታዬና ከሰጣችሁኝ የኪስ ገንዘብ አበድረዋለሁ፤ በጽሑፍ ይፈርማል፣ በወር ሃምሳ ይመልሳል። ልጄ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ባይሸጥስ?» አለችኝ። «ባይሸጥ አልጋው ሥር ሁለት መቶ ሸክላ ይኖራል፤ ኮሌጅ ግን ይሄዳል» አልኳት። «እኔ አልፈርምም» አለች። አትፈርሚ፤ አንቺ ደረሰኙን ተቀበይ አልኳት። በዚህ ተለያየን።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ሦስተኛ ወሬ ነው። የኮሌጁ ደረሰኝ ፎቶ በስልኬ መጥቶልኛል፤ የላከችው እናቱ ናት። የመጀመሪያው ሃምሳ ዶላርም ተከፍሏል። ሦስት መቶው ሸክላ ማተሚያ ቤት ወረፋ ላይ ነው፤ ትንሽ ትእዛዝ ብዙ ይጠብቃል።

ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ወደዚያ የምትሄዱ፣ ዲትሮይትን ለማየት ከፈለጋችሁ ግንቦት መጨረሻ ወይም መስከረም ጥሩ ነው፤ ክረምታቸው ለእኛ አጥንት አይሆንም። የሞታውን ቤት ወረፋ ስለሚበዛበት ቲኬቱን ልጆቹ ቀድመው ይቁረጡላችሁ። ለኤግዚቢት 3000 ቀጠሮ ማስያዝ ግድ ነው፤ ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርደው ደረጃ ላይ ደግሞ የልጁን ክንድ ያዙ። ምሽት ላይ የወንዙ ንፋስ ይበርዳል፤ ጋቢ ያዙ። እኔ ይዤ ነበር፤ ከአጠገቤ የተቀመጠች አንዲት የዲትሮይት አያት ከየት ነው የሚገዛው ብላ ጠይቃኛለች።